የአሻን ጠርሙስ ያጠብኩበት የአሶሳ ጉዞ

ነቀምት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ጨርቅ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ አሮጌ ጋዜጦች ላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ስፌቴ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥልፍ አትፈልጉበት። ከአሶሳ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባው ሁሉ «እስቲ ንገረን» እያለ ሥራ ስላስፈታኝ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው ወሰንኩ። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የማይገጥማችሁ አንብቡት። የሚገጥማችሁም ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡት፤ እኔ የሠራሁትን አትሠሩም።

የጉዞው ምክንያት ትልቋ ልጄ ሰናይት ናት። በባዮሎጂ ተመርቃ፣ አዲሱ ክልል ሠራተኛ ሲፈልግ አሶሳ ተቀጠረች። በአውቶቡስ ረዳት አፍ እንዲህ ብላ ላከችብኝ፦ «አባዬ፣ እዚህ በመብራት ምግብ እናበቅላለን። ውኃ የሚያሳልፍ፣ ደቃቅ ነገር ግን የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ፈልግልኝ። ቅዳሜ የክልሉ ሰዎች ሥራችንን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ካልወደዱት ይዘጋል።»

በመብራት ምግብ! እኔ በቤቴ በቀን አምፖል ያበራ ሰው ካገኘሁ ምሳዬ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ። ልጆቼ ከክፍል ሲወጡ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ማጥፊያው የሚሄደው እኔን ፈርተው ነው። ታዲያ ከነሱ አንዷ፣ ያውም ትልቋ፣ ፀሐይ ያለበት አገር ሄዳ በአምፖል ጎመን ታበቅላለች? «ጎመን ነው ያለችው?» አለች እናቷ። «ሌላ ምን ይበቅላል?» አልኳት። ነጭ ፖፕሊን ገዝቼ ራሴ ልሄድ ተነሳሁ። ሰው ልጁ ምን እንደምትሠራ ሲጠየቅ መመለስ ካልቻለ አባትነቱ ጎደሎ ነው።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋጋ ተሳፈርን። ከጨርቁ ሌላ አንድ ቆርቆሮ የወለጋ ማር ይዣለሁ፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። እስከ ጊምቢ መንገዱ እንደኛው ሰፈር መንገድ ነው፤ ይንጣል፣ ግን ያደርሳል። ከነጆ ወዲያ ዝናብ ቀድሞን ስለነበር ጭቃው አውቶቡሱን እስከ ሆዱ ዋጠው። ወንድ ሁሉ ወርዶ ይግፋ ተባለ። ገፋን። አውቶቡሱ ሲወጣ እኔ ወጣሁ፤ ግራ ጫማዬ ግን አልወጣም። በካልሲ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ ሲገፋ የነበረ ቁመተ ረጅም ነጋዴ ክንዱን እስከ ክርኑ ጭቃው ውስጥ ከቶ «ጋሼ፣ ይሄ ነው ወይስ ሌላም የጣሉት አለ?» እያለ አወጣልኝ። አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበለት። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከቤት ስወጣ በመንገድ ላይ እንደማልስቅ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ መንገደኛ ሲስቅ ዕቃው ይጠፋል።

መንዲ አደርን። ያደርኩበት ቤት የአምፖሉ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው በባለቤቲቱ ክፍል ነው። እሷ ስታጠፋ ሁላችንም ጨለማ፣ ስታበራ ሁላችንም ብርሃን! ይህ ሥርዓት ለቤቴም ቢሆን አይከፋም ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋ ጫማዬን አይታ ሳልለምናት ወስዳ አጠበችልኝ፤ ምድጃ ዳርም አደረቀችልኝ። ውኃ ያመጣችበትን ጣሳ ጠዋት ስመልስላት አጥቤ፣ የስንቄን ቆሎ ሞልቼበት ነው። «ምነው አባቴ?» አለችኝ። «ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም፣ ባዶውንም አይመለስም» አልኳት። ልጆቼን ያሳደግሁበት ቃል ነው። ይህን ቃል አስታውሱልኝ፤ ሐሙስ ዕለት ያመጣብኝን ታያላችሁ።

ረቡዕ

ከመንዲ ወዲያ አገሩ እየሞቀ፣ የሰዉም ልብስ እየቀለለ ሄደ። እኛ ነቀምት ጋቢ የምንደራርብበት ሰዓት እዚያ ሸሚዝ ይከብዳል። አጥሩ ቀርከሃ፣ ግድግዳው ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ። እኛ ዘንድ ቀርከሃ ከገበያ የሚገዛ ነገር ነው፤ እዚያ እንደ ሣር ይታጨዳል።

ባምባሲ ላይ ሾፌሩ ሻይ ሲጠጣ አንድ ሱቅ ገባሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከመደርደሪያው በላይ ዘንግ መብራት ይበራል! ከሱቁ ኋላ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። ከመብራቱ ሥር አረንጓዴ ነገር የሞላበት ጠርሙስ ተቀምጧል፤ የበዓል ሽሮፕ መሰለኝ። ባለሱቁ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ፀሐይ በነፃ እየበራልህ ነዳጅ ታቃጥላለህ?» አልኩት።

«አባባ፣ ለእኔ አይደለም፤ ለሱ ነው» አለኝ ወደ ጠርሙሱ እየጠቆመ። «እሱ መብራት ይፈልግ።»

«ጠርሙስ መብራት ምን ያደርግለታል? እግዜር የሰጠህን ማባከን ኃጢአት ነው። በናንተም መጽሐፍ ሳይኖር አይቀርም።»

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት የአውቶቡሱ ጥሩንባ ጮኸ። ሮጬ ገባሁ። አንድ ሰው መከርኩ ብዬ እስከ አሶሳ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

አሶሳ ቀለም ቀለም ትሸታለች። ክልሉ አዲስ ነው፤ ቢሮው አዲስ፣ ታፔላው አዲስ፣ ወንበር ያለው ቢሮ ጠረጴዛ የለውም፣ ጠረጴዛ ያለው በር የለውም። በየደጁ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ቆሞ ያፏጫል። ሰናይት መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ከስታለች፤ ግን ዓይኗ ይስቃል። ዕለቱ ጾም ስለነበር ምስር አበላችኝ። ስለ ሥራዋ ብጠይቃት «ነገ ከሥራ ስመለስ ወስጄ ሁሉንም አሳይሃለሁ አባዬ፤ ዛሬ ደክሞሃል» አለች። እንዲህ ብላ ባታሳድረው ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ የሚያህል ነገር ባልደረሰ ነበር።

ሐሙስ

ሰናይት በጠዋት ወጣች። እኔ እንግዳ ሆኜ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። ጓሮውን ጠረግሁ፣ የላላ የበር ማጠፊያ አጠበቅሁ።

ረፋዱ ላይ ጎረቤቷ አሻ ትልቅ ሳህን ይዛ ገባች። የአገሩ ተወላጅ ናት፤ ከበርታ ሕዝብ። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ሳቋ ግን ትርጉም አይፈልግም። «አባባ፣ እንኳን ደህና መጣ! ብላ!» አለችና የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልኝ። ባሚያ ለማታውቁት፦ አረንጓዴ ነው፣ ያሟልጫል፣ ከእጅ እስከ አፍ ድረስ እንደ ክር ይጎተታል። ክር ሥራዬ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ክር አላውቅም። አገጬ ላይ ሦስት ቦታ ተሰፋ። አሻ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ጣዕሙን ግን ሳልዋሽ እናገራለሁ፣ ሳህኑን ጠርጌዋለሁ።

ስትወጣ የወጥ ቤቱን መስኮት አይታ ቆመች። መስኮቱ ላይ ትልቅ፣ አፈ ሰፊ የከረሜላ ጠርሙስ አለ። በውስጡ ያለው ውኃ ከላዩ አረንጓዴ ነገር ተንሳፍፎበት፣ ከሥሩ ደፍርሶ፣ የኩሬ ሽታ ይሸታል።

«ይሄ ጠርሙስ የኔ ነው!» አለች እየሳቀች። «ሰናይት ወሰደ። ቆየ!»

ብላ ሄደች። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ልጄ፣ እኔ ያሳደግኋት ልጄ፣ የሰው ዕቃ ተውሳ፣ ውኃ አጠራቅማ፣ እስኪሻግት ረስታ አስቀመጠች! ጎረቤቷ ሳህን ሞልታ እያመጣች፣ የጎረቤቷ ጠርሙስ መስኮት ላይ ይበሰብሳል! ይህች ሴት በጨዋነቷ ስቃ አለፈችው እንጂ ጠይቃኛለች ማለት ነው፤ እኔ የገባኝ እንዲያ ነው።

ውኃውን ጓሮ ላለችው ፓፓያ አጠጣኋት። ጠርሙሱን በአመድ ፈተግሁት፣ በአሸዋ ደገምኩት፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት፣ ፀሐይ ላይ ደፍቼ አደረቅሁት። እንደ ዕንቁ አበራ። ከዚያ ማሬን ሞላሁበትና ለአሻ ወሰድኩላት።

አሻ ማሩን አይታ ደስ አላት፤ ቀጥሎ ጠርሙሱን አየች። «አባባ፣ አረንጓዴውስ?»

«አትጨነቂ ልጄ፤ ጥርግ አድርጌ ደፋሁት።»

አፏን በእጇ ያዘች። «ያ ረቢ!» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። በማሩ ብዛት የተደነቀች መስሎኝ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ሰናይት ለምሳ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ መስኮቱን አየች።

«አባዬ፣ እዚህ የነበረውስ?»

«ደፋሁት። ጠርሙሱንም አጥቤ መልሼልሻለሁ፤ ማርም ሞልቼበታለሁ። አሁን ባልወቅስሽም…»

«አጠብከው?»

«በአመድ።»

«በአመድ ብቻ?»

«በአሸዋም። ሦስቴ አለቅልቄዋለሁ።»

ደፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ከልጅነቷ ወዲህ አላየኋትም። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅን መቆጣት አውቃለሁ፤ ሳልቆጣት የምታለቅስ ልጅ ግን ምን እንደሚደረግላት አላውቅም ነበር።

ጎመን አልነበረም። በመብራት የሚበቅለው ምግብ ያ ውኃ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ይዛኝ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች፤ እየሄደች አስረዳችኝ። ስፒሩሊና ይባላል። በዓይን የማይታይ ክር ነው፣ እንደ ፀጉር የተጠቀለለ፤ ዘመዱ ባክቴሪያ ነው። «ባክቴሪያ!» ብዬ ቆምኩ። «እርጎ በምን ይረጋል አባዬ?» አለችኝ። መንገዴን ቀጠልኩ። ሶዳና ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይራባል፤ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ደርቆ፣ ይፈጫል። ጥቂቱ ዱቄት ብዙ ገንቢ ነገር ይዟል፤ በሸርቆሌ መንገድ ላሉት መንደሮች ለከሱ ሕፃናት በገንፎ እንዲሰጥ ነው ድካሟ።

ክፍሉ መስኮቱ የተሸፈነ ነው፤ ሁለት ገንዳዎች ላይ ረጃጅም ነጭ ዘንግ መብራቶች ተንጠልጥለዋል። ገንዳዎቹ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይዘዋል፤ መብራቶቹ ባዶ ውኃ ላይ ይበራሉ። እጄ ወደ ማጥፊያው ተሳበ፤ በሌላው እጄ ያዝኩት።

«ፀሐይ እያለ ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ከነቀምት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነው።

«ፀሐዩ ሲበዛበት ይነጣል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደመናው አያሳድገውም። መብራቱን ግን እኛ እንመጥንለታለን። ይሄን እየው» ብላ ከጠዋት ጀምሮ የደረቀ ዱቄት የተነከረበት ብርጭቆ አነሳች። ውኃው ሰማያዊ ነው! አረንጓዴ ዱቄት ሰማያዊ ይወልዳል? «ይሄ ሰማያዊው ራሱ ከምንፈልገው ንጥረ ነገር አንዱ ነው። መብራቱ ሲስተካከል ይበዛል።» ጨርቅ ስነክር ቀለም ሲለቅ ዕድሜ ልኬን ስናደድ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ቀለም በመልቀቁ ደስ ያለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ያለፈው ሳምንት ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ በገንዳዎቹ የነበረው በሙሉ ሞተ። ሰናይት ገንዳዎቹን አጥባ አዲስ ውኃ ሞላች፤ ከሞት የተረፈውን አንድ እፍኝ በአሻ ጠርሙስ አስቀመጠች። ለቅዳሜው እንግዳ ክፍሉ ይቀባ ሲባል ደግሞ የቀለሙ ሽታ እንዳይገድለው ቤት ወሰደችው። ማታ ልትመልሰው ነበር። ለቅዳሜ የሚታየው፣ ይበቅላል ወይስ አይበቅልም የሚባለው እሱ ብቻ ነበር። እሱን ፓፓያዋ ጠጣችው።

«ሌላ የትም የለም?» አልኩ።

«ባምባሲ አንድ ነጋዴ አለ፣ ሐጂ ባበክር የሚባል። ቀለሙ ቢያምረው ጥቂት ሰጥቼው ነበር። ሱቁ ውስጥ መብራት ሥር…»

«ፂሙ የሸበተ? ነጭ ጀለቢያ?»

«አወቅኸው?»

«ተቆጥቼዋለሁ» አልኳት።

ዓርብ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ባምባሲ ገባን። እውነቱን ለመናገር መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነበር፤ ለአረንጓዴ ውኃ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው። ሚኒባሱ በመንገድ ሁለት ጊዜ ጎማ ቀይሮ ስንደርስ ሱቁ ተዘግቷል፤ ጁምዓ ነው። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። በበሩ ስንጥቅ አጮለቅሁ፦ ጨለማ። ዘንግ መብራቱ ጠፍቷል።

ሐጂ ባበክር ከመስጊድ ሲመለስ ከሩቅ አወቀኝና እጁን አነሳ። «አባባ! አንተ መጣ! ሰላም አለይኩም!» አንተ አለኝ፤ አልተከፋሁም፣ ሰውየው በልቡ አንቱ ማለቱን አየሁ። ሰናይትን ሲያይ «ይሄ ልጅህ ነው? ወላሂ ጎበዝ ነው!» አለ።

«ሐጂ፣ መብራቱ ለምን ጠፋ?» አለች ሰናይት።

ሰውየው አፈረ። «አባባ ተቆጣ። ሽማግሌ ሲቆጣ እኔ እምቢ አልል። ረቡዕ ቀን አጠፋሁ። ትናንትም ቀን አጠፋሁ። ዛሬም።»

ሰናይት ወደ እኔ አልዞረችም። ዞራ ብታየኝ ይቀለኝ ነበር። ሁለቱንም የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አንዱን በአመድ፣ አንዱን በምክር።

«ግን…» አለ ሐጂ ባበክር ቁልፉን እያሽከረከረ፤ ፈገግታው ከፂሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ «ፀሐይ ሲገባ አባባ አያይ። እኔ ለሱ አዘንኩ። በሩ ዘጋሁ፣ መብራት አበራሁ። እሱ መብራት ጠጣ።»

በሩን ከፈተ። ጠርሙሱ ከመደርደሪያው ላይ ነው፤ አረንጓዴው ከሥር ዘቅጧል። ሰናይት በማንኪያ ቀስ አድርጋ አማሰለችው። አንዴ፣ ሁለቴ… ከሥሩ እንደ ጢስ ተነሳ፣ ተበተነ፣ ጠርሙሱን ሞላው። አረንጓዴ! ሰናይት እየዘለለች አጨበጨበች። ሐጂም አጨበጨበ። እኔ ዕድሜዬን ረስቼ ዘለልኩ፤ በጓዳው ደርድሮት የነበረውን የሳሙና ካርቶን ጣልኩበት፤ ማንም አልተቆጣኝም።

«ግማሹን ውሰድ» አለ። «ግማሹ እዚህ ይቀራል፤ እሱ ከመጣ ገበያ በረካ ሆነ። ሰው እሱን ሊያይ ይመጣል፣ ስኳር ገዝቶ ይሄዳል።»

እንደ እርሾ ነው፤ ጎረቤት እርሾ ሲጠፋበት ካለው ይወስዳል፣ የሰጠውም አይጎድልበትም። ከቤት ይዘን የመጣነውን ባዶ ጠርሙስ ስዘረጋ ግን ክንዴ ከበደኝ። እኔ፣ ዕቃ ባዶ አይመለስም የምለው ሰውዬ፣ ባዶ ዕቃ ይዤ የሰው ደጅ ቆምኩ። ማሩ አልቋል። ወዲያ ወዲህ ስል የሐጂ ጀለቢያ በብብቱ በኩል መተርተሩን አየሁ። መርፌና ክር ከኮቴ አይለዩም።

«አውልቀው» አልኩት።

በካናቴራ ተቀምጦ ስኳር እየመዘነ፣ እኔ በረንዳው ላይ ሰፋሁለት። ገዢው ሁሉ «ሐጂ፣ ምን ሆንክ?» ይለዋል፤ «አባባ ገፈፈኝ!» ይላል። ሳቅ በሳቅ። ሐጂ በመሐል ቁም ነገር ጠየቀ፦ «ይሄ ነገር ሐላል ነው?» ሰናይት ደም የለው፣ ነፍስ የለው፣ ሐላል ነው አለችው። እኔም የኔን ጠየቅሁ፦ «ከሥጋ አይተናነስም እያልሽ፣ በዓርብ ይበላል?» «ይበላል አባዬ፤ ላም አልወለደችው።» ሁለታችንም ተስማማን። ሰው በሃይማኖቱ የሚጠይቀውን ሳይጠይቅ የሚበላ ከሆነ በሌላም ነገር አይታመንም፤ ይህን በምክር መልክ አስቀምጡልኝ።

የመልሱን መንገድ ጠርሙሱን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ያዝኩት። ከጎኔ የተቀመጠች እናት በኦሮምኛ «ዳኢማ?» አለችኝ፤ ሕፃን ነው ወይ ማለቷ ነው። ጋቢውን ገልጬ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችውና በነጠላዋ መልሳ ሸፈነችው፤ «ንፋስ እንዳይመታው» አለች። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ በሙሉ ጠባቂ ሆነ። «ሾፌር፣ ቀስ! ጉድጓድ!» ይላል ኋላ ያለው። ሾፌሩ አንዱን ጉድጓድ ሳያየው ገባበት፤ ክዳኑ ዘለለ፤ አንድ ጉንጭ አረንጓዴ ፊቴ ላይ። አሶሳ የገባሁት በአረንጓዴ ፂም ነው። አሻ ከደጅ አየችኝና መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በሳቅ መቆም ስላቃታት።

የመጣውን እንዳለ ገንዳ ውስጥ ጨመርነው፤ መብራቱም በራ። አላጠፋሁም።

ቅዳሜ

ጠዋት ገንዳው የሎሚ ቅጠል የታጠበበት ውኃ ይመስል ነበር። አረንጓዴ ነው ለማለት ዓይንን ማጥበብ ይጠይቃል። እኔ ከበር አጠገብ ፖፕሊኑን የእንጨት ማዕቀፍ ላይ እየሰፋሁ ነበር።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው፦ መነጽር ያደረጉ ኃላፊ፣ አንድ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ እና በሸርቆሌ መንገድ ካለ ጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ። ኃላፊው ገንዳው ላይ አጎነበሱ።

«ይህ ሁሉ መብራት ለዚህ ነው?»

ሰናይት ፈጠን ብላ መለሰች። «ባለፈው ሳምንት ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ ነበር፤ ስለዚህ…»

እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። እኔን እየሸፈነች ነው። እኔ ደግሞ በልጅነቷ ግማሽ እውነት ስትነግረኝ ምሳ የከለከልኳት አባት ነኝ። መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ልጄ አክብራኝ ነው። የተረፈውን የደፋሁት እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ አጠብኩት።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «በምን አጠቡት?»

«በአመድና በአሸዋ።»

«አለቀለቁት?»

«ሦስቴ።»

ነርሷ ቀድማ ፈነዳች። ከዚያ ኃላፊው፤ ከዚያ የማይናገሩት ሰው እንኳ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፤ ግድግዳው ገና አልደረቀም ነበርና ኮታቸው ነጭ ሆነ። በዚህ መሐል አሻ ገባች። ሰናይት ትናንት እንድታመጣ የነገረቻትን ይዛ ነው፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሠርታ፣ የደረቀውን ዱቄት ባሚያው ውስጥ ጨምራ አመጣች። ባሚያው ራሱ አረንጓዴ ነው፤ ማን ይለየው? ነርሷ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ ደገመች፣ «እኔን ያስጨነቀኝ ልጆቹ ቀለሙን አይተው እንዳይተፉብኝ ነበር። ይሄን ማን ይተፋል!» አለች። ኃላፊው ዱቄቱን ለብቻው ሊቀምሱ አንድ ማንኪያ ሙሉ አፋቸው ከተቱ። ሲስቁ ጥርሳቸው እንደ አዲስ የክልል ታፔላ አረንጓዴ ነበር፤ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም እዚህ ላይ ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ዝም አልኩ።

ሲወጡ ገንዳው ላይ ተመልሰው አጎነበሱ። «ከአመድ ያመለጠ ነገር ክረምቱን አያቅተውም» አሉ። «ክረምቱን ይቀጥል። መስከረም ላይ አይተን እንወስናለን። አባትሽ ብቻ ጠርሙስ እንዳይነኩ!»

ሰናይት በሰው ፊት አቅፋ ሳመችኝ። ይህን ዓይነት ነገር አልወድም፤ አልከለከልኳትም።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ጎህ ሲቀድ አሻ መናኸሪያ ድረስ መጣች። ጠርሙሷን አቅፋለች። ማሩን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣ፣ ጠርሙሱን ይዛ ሰናይት ዘንድ ሄዳ ኖሯል።

«አባባ፣ ዕቃ ባዶ አይመለስ አልክ» አለችኝ። ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው።

መንዲ ስናድር የቤቱ ባለቤት መብራት ልታጠፋ ስትል «እኔ ክፍል እባክሽ ተይልኝ» አልኳት፤ የሁላችንንም ተወችው። የጎን ክፍል እንግዶች አልጋ እየመቱ ሰደቡኝ፤ ጠርሙሱ ግን መብራቱን ጠጣ። ሰኞ ነቀምት ገባሁ። ዛሬ ሱቄ የሚገባ ሁሉ ከስፌት መኪናዬ በላይ በቀን የሚበራ አምፖል፣ ከአምፖሉ ሥርም ጠርሙስ ያያል። ሚስቴ መጀመሪያ ቀን ገብታ ሳታይ፣ በልማዷ፣ እጇን ወደ ማጥፊያው ሰደደች።

«ተይ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞራ አየችኝ። አምፖሉን አየች፣ ደጅ ያለውን ፀሐይ አየች። «አንተ ነህ እንዲህ የምትለው?» ብላ ልጆቹን ሁሉ ጠርታ አስመሰከረችብኝ። እኔ ነኝ።

ጠርሙሱ የአሻ ነው፤ መመለሱ አይቀርም፣ ባዶውንም አይመለስም። ስመልሰው ግን አላጥበውም።